ውሃው እየሄደ ቧንቧውን መበየድ፤ «ቀዝቃዛ ነው፣ ምን ይቃጠላል?» ለምትሉ

ባለፈው ሐሙስ አንድ ልጅ ደወለልኝ። ድሮ እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ባለ ብየዳ ቤት አብረን ሠርተናል። አሁን ቺለር የሚባል የውሃ ማቀዝቀዣ ያለው አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ጥገና ላይ ነው። «ጋሼ፣ የቺለሩ መመለሻ መስመር ማንጠባጠብ ጀምሯል። አለቆቼ ደግሞ ሲስተሙ እንዳይቆም ብለዋል። ውሃው እየሄደ በላዩ ላይ ብበይደውስ?» አለኝ። ትንሽ ዝም ስልበት ጊዜ ጨመረ። «ውስጡ እኮ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቤንዚን አይደል፣ ምን ይቃጠላል ብለው ነው?»

እኔም በሱ ዕድሜ እንደዛው ነበር የማስበው። የነዳጅ ታንከር ሲሆን ሁላችንም እንፈራለን። ውሃ ሲሆን ግን ልባችን ይረጋጋል፣ ጓንት እንኳን በቅጡ አናደርግም። ስለዚህ ለሱ በስልክ የነገርኩትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። በቺለር መስመር ላይ ቅዝቃዜው ጠባቂያችሁ አይደለም። ብየዳውን የሚያበላሸው፣ በያጁንም አደጋ ላይ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ነው።

መጀመሪያ መስመሩን እንወቀው። ቺለር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ ማሽን ነው። 6 ወይም 7 ዲግሪ ያደረሰውን ውሃ ፓምፕ ወደ ሕንፃው ይገፋዋል። ውሃው ክፍሉን ወይም ማሽኑን አቀዝቅዞ፣ ሙቀት ተሸክሞ በ12 ዲግሪ አካባቢ ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ እንደገና ይቀዘቅዛል። የሚዞረው ያው አንድ ውሃ ነው፣ ከምንጠጣው የቧንቧ ውሃ ጋር አይገናኝም። ዝገት እንዳያበላው ኬሚካል ይጨመርበታል። ግፊትም አለው። 6 ባር ቢሆን ለምሳሌ፣ 60 ሜትር ከፍታ ላይ ከተሰቀለ ታንከር የሚወርድ ውሃ በሉት። ቧንቧው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጥቁር ብረት ነው። ከላዩ ጥቁር የጎማ ስፖንጅ ወይም ፎም ይለብሳል።

አሁን ይህ ቧንቧ አንድ ቦታ ላይ ቀዳዳ አወጣ እንበል። ብዙ ሰው ቀዳዳው ብቻውን የመጣ ይመስለዋል። ሌላው ብረት ደህና ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ በመርፌ የተወጋ ይመስል። እንደዚያ አይደለም። ስፖንጁ የሆነ ቦታ ላይ ተቀዶ ወይም ማጣበቂያው ለቆ እርጥብ አየር ሲገባ፣ ቀዝቃዛው ብረት ስፖንጁ ሥር ሆኖ ለዓመታት ያልበዋል። ማንም አያየውም። ዝገቱ ብረቱን በሰፊው ያሳሳዋል። በመጨረሻ ከሁሉም የሳሳችው ነጥብ ትበሳለች። እኛ የምናያት እሷን ነው። በዙሪያዋ ያለው ደግሞ ሊበሳ ተራ የሚጠብቅ ብረት ነው።

ይህንን የተማርኩት በገዛ እጄ ነው። ስሙን የማልጠራው ቦታ፣ ባለ 4 ኢንች መስመር ላይ ነበር። ስፖንጁን ቀደድን። ሥሩ ያለው ዝገት እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነባብሮ ነበር፣ በጥፍር ሲነካ ይነሳል። ለብየዳ ላጸዳው ብዬ ግራይንደሩ ላይ የሽቦ ብሩሽ ገጠምኩና ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ራቅ ብዬ፣ «ደህና» ያልነው ቦታ ላይ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ እንኳን አላመላለስኩትም። ብሩሹ በሳው። ፊቴ ላይ እንደ ጅራፍ የመጣው ውሃ መነጽሬን ወሰደው፣ ግራይንደሩ በእጄ ላይ እንዳለ እየዞረ ነበር። መብራቱን ከሶኬቱ የነቀለው አጠገቤ የነበረ ረዳት ነው። ያኔ ብሩሽ በመሆኑ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። አርክ፣ የብየዳው የኤሌክትሪክ እሳት፣ ቢሆን ኖሮ የቀለጠ ብረትና ውሃ አብሮ ነበር የሚመጣው።

ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ውፍረት ይለካል። ለዚህ የሚሆን በእጅ የሚያዝ የአልትራሳውንድ መለኪያ አለ፣ እርጉዞች የሚታዩበት መሣሪያ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ድምፅ ልኮ ከውስጠኛው ግድግዳ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ያሰላል፣ ውፍረቱን በሚሊሜትር ይነግራችኋል። አንድ ነጥብ ለክቶ መተው አይሆንም። ለብየዳ ያሰባችሁትን ቦታ በሙሉ፣ ቧንቧውን ዙሪያውን፣ በጠመኔ ካሬ ካሬ ከፋፍላችሁ እያንዳንዷን ለኩ። ሥሩንም አትርሱ። ውሃ የሚተኛው፣ ዝቃጭ የሚጠራቀመው ከታች ነው። መዶሻ አንስቶ ድምፁን መስማት ግን ግፊት ባለበት የሳሳ ቧንቧ ላይ አይሞከርም።

ስንት ሲሆን ይበቃል? የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት በሥራ ላይ ባለ ቧንቧ ላይ ለሚደረግ ብየዳ ያወጣው መመሪያ አለ። ለነዳጅ መስመር የተጻፈ ነው፣ ነገር ግን የብረቱ ጠባይ ያው ስለሆነ ለውሃም መነሻ ይሆናል። ዝቅተኛው 4.8 ሚሊሜትር ነው። 6.4 እና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ በትክክለኛ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ከተሠራ፣ አርኩ ግድግዳውን የመብሳቱ ዕድል በጣም ያንሳል። አሁን ይህንን ከገበያ ከምንገዛው ቧንቧ ጋር አስተያዩት። ስኬጁል 40 የሚባለው የተለመደ የውፍረት ደረጃ ያለው ባለ 4 ኢንች ቧንቧ አዲስ ሆኖ ውፍረቱ 6.02 ሚሊሜትር ነው። ባለ 6 ኢንቹ 7.11። ባለ 2 ኢንቹ ደግሞ 3.91 ብቻ ነው። አያችሁ? ባለ 2 ኢንቹ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ፣ አንድም ቀን ሳይዝግ፣ ከመስፈርቱ በታች ነው። ውሃው እየሄደበት ሊበየድ አይገባም፣ አለቀ። ባለ 4 ኢንቹም አንድ ሚሊሜትር ተኩል ዝገት ከበላው ወጥቷል።

«ውሃው ሙቀቱን ስለሚወስድለት አይበሳም» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። የሚሄድ ውሃ የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ያቀዘቅዛል፣ መበሳትን በተወሰነ ደረጃ ይከላከላል። ግን ያው ማቀዝቀዙ ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ እሱ ደግሞ ከመበሳት ይልቅ ተንኮለኛ ነው። ምክንያቱም ወዲያው አይታይም።

ቀጥቃጭ ቢላ ሲሠራ አይታችሁ ከሆነ ይህ ይገባችኋል። ብረቱን ፍም እስኪመስል ያግለውና ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ቲሽ ይላል። ቢላው ይጠነክራል። ለቢላ ጥሩ ነው፣ ስለት ይይዛል። ነገር ግን እንዲሁ ከተተወ ይሰባበራል፣ ለዚህ ነው ቀጥቃጩ ተመልሶ ለስለስ ባለ እሳት የሚያሞቀው። በቺለር መስመር ላይ ስትበይዱ የምታደርጉት ይህንኑ ነው። አርኩ ብረቱን ከ1,500 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ከ6 ወይም 7 ሚሊሜትር ወዲያ ማዶ ደግሞ 7 ዲግሪ ውሃ እየሮጠ ነው። ሙቀቱ በሴኮንዶች ውስጥ ይነጠቃል። ከብየዳው ጎን ያለው ቀጭን የብረት ቀበቶ እንደ ቢላው ይጠጥራል። የጠጠረ ብረት አይሳብም፣ አይለጠጥም፣ ሲጨነቅ ይሰነጠቃል። መጠጠር ብቻውን ግን አይሰነጥቀውም፣ ረዳት ይፈልጋል። ረዳቱ ሃይድሮጅን ነው።

ሃይድሮጅኑ ከየት መጣ? ከቧንቧው ላብ። እዚህ ላይ ጅማ መሆናችን ዋጋ አለው።

የኛ ከተማ አየር እርጥብ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል፣ ሌላው አገር መስከረም ጠባ ሲል እዚህ ገና ይዘንባል። በክረምት አየሩ 22 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ነው ብንል፣ ከ18 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ማንኛውም ነገር ላይ ውሃ ይቋጥራል። መላኪያው ቧንቧ 7 ዲግሪ፣ መመለሻው 12 ዲግሪ አካባቢ ነው። በበጋስ? ጥር ላይ ከሰዓት በኋላ 27 ዲግሪ ሆኖ እርጥበቱ 40 በመቶ ቢወርድ እንኳን መቋጠሪያው 12 ዲግሪ ነው። አሁንም መላኪያው ቧንቧ ያልበዋል። ማለትም ጅማ ውስጥ ስፖንጁን የገፈፋችሁለት የቺለር መስመር ዓመቱን ሙሉ እርጥብ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ልጁንም በስልክ እንዲህ አልኩት፦ «ስፖንጁን ግፈፍ። በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ቁጠር።» መስመሩ ላይ ሆኖ ሞከረው። «ጋሼ፣ አምስት ሳልደርስ ጉም ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ጠብታ መያዝ ጀመረ» አለ።

ያ ጉም ውሃ ነው። ውሃ ማለት ደግሞ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። አርኩ ይለያያቸዋል። ሃይድሮጅኑ የቀለጠው ብረት ውስጥ ይሟሟል። ብረቱ በዝግታ ቢቀዘቅዝ ኖሮ ተነፍሶ ይወጣ ነበር። እዚህ ግን በቅጽበት ስለሚረጋ ውስጡ ይታሰራል። ከዚያ ቀስ እያለ ወደዚያ ወደጠጠረው ቀበቶ ይሄዳል፣ እየተጠራቀመ ይገፋል። ስንጥቁ የሚመጣው ብየዳው አልቆ፣ ዕቃ ተሰብስቦ፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። እስከ 48 ሰዓት ይዘገያል። ማታ «አበጀነው» ተብሎ የተፈረመበት ብየዳ በሦስተኛው ቀን ሌሊት የሚለቀው ለዚህ ነው። ከዚያ በያጁ ይወቀሳል። የበያጁ እጅ መጥፎ አይደለም፣ የማይሆን ነገር ነው የተሰጠው።

«በጋዝ ነበልባል እያሞቅኩ አደርቀዋለሁ» የሚልም አለ። ሞክሩትና እዩ። ቀዝቃዛ ብረት ላይ ነበልባል ስታደርጉ መጀመሪያ የምታዩት ነገር ውሃ ነው። ጋዝ ራሱ ሲቃጠል የውሃ ተን ያወጣል፣ ተኑ ቀዝቃዛው ብረት ላይ ይቋጥራል። ውስጡ ውሃ እየሮጠ ደግሞ ብረቱ አይሞቅም፣ ያሞቃችሁትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጋዙ ነው የሚያልቀው።

የኤሌክትሮዱ ነገርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማችን ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው 6013 የሚባለው ነው። ለበርና መስኮት፣ ለአጥርና ለላሜራ ግሩም ነው። ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም፣ ሽፋኑ ራሱ ሃይድሮጅን ይዞ ይመጣል። 6010 እና 6011 ደግሞ ይብሳሉ። ጠልቀው ይበላሉ፣ ስለዚህ ይበሳሉ፣ ሃይድሮጅናቸውም ከሁሉ የበዛ ነው። የሚፈለገው 7018 ነው። እሱም ደረቅ ሲሆን ብቻ ነው ስሙን የሚመስለው። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ከ120 ዲግሪ በላይ በሆነ ማቆያ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። የአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ ተራውን 7018 ከ4 ሰዓት በላይ አየር ላይ እንዳይቆይ ይከለክላል። እርጥበት ከያዘ በ260 እና 430 ዲግሪ መካከል በምድጃ ደርቆ ነው ወደ ሥራ የሚመለሰው። የእንጀራ ምጣድ ላይ ዘርግተው ሲያሞቁ አይቻለሁ። ልፋታቸውን አከብራለሁ፣ ግን ሙቀቱ አይለካም፣ እዚያም አይደርስም።

ታዲያ ላቡን ምን እናድርገው? ለልጁ የነገርኩት ይህንን ነው፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። ቺለሩን አጥፉ፣ ፓምፑን ግን አታጥፉ። ውሃው ይዙር። ማቀዝቀዙ ሲቀር ሕንፃው ራሱ ውሃውን ቀስ እያለ ያሞቀዋል። በክረምት ያልነው መቋጠሪያ 18 ዲግሪ ከሆነ፣ ውሃው 20 እና 21 ሲደርስ ቧንቧው ማላቡን ያቆማል። በጨርቅ ስትጠርጉት ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ሙቀት የሚወስድ የሚሄድ ውሃ አለ፣ ግን ላብ የለም። አለቆች «ሲስተሙ አይቆምም» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈሩት ውሃው ሙሉ በሙሉ እንዳይፈስና አየር እንዳይገባበት ነው። የሁለት ሰዓት ሙቀት መጨመርን ብዙ ቦታ ይችለዋል፣ በተለይ ሌሊት፣ የጅማ ሌሊት ራሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ። መድኃኒት ወይም ናሙና የሚቀመጥበት ክፍል፣ ወይም ሙቀት የማይችል ማሽን ካለ ግን ከሚመለከተው ሰው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ላቡን ነው የሚፈታው። የሳሳውን ቧንቧ አያወፍረውም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ጫፍ እንሂድ። «እሺ ውሃውን አስቁመን፣ ሁለቱንም ቫልቭ ዘግተን እንበይድ» የሚሉ አሉ። ይህ ከሁሉም የሚያስፈራኝ ነው። ሁለት ቫልቭ መሐል የታሰረ ውሃ መሄጃ የለውም። ሲሞቅ ይሰፋል፣ ብረቱ ግን እንደሱ አይሰፋም፣ ግፊቱ በፍጥነት ይወጣል። አርኩ ሥር ያለው ደግሞ ይፈላል። እኛ 1,750 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆንን ክፍት ማሰሮ ውስጥ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። አንድ ሊትር ውሃ ተን ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይፈልጋል። ያ ተን ከዝግ ቧንቧ የሚወጣበት አንድ ለስላሳ ቦታ ቢኖር እናንተ እያቀለጣችሁት ያለችው ቦታ ናት። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፦ ወይ ውሃው እየሄደ ነው፣ ወይ ቧንቧው ባዶና ክፍት ነው። መሐከለኛ የለም። ባዶ ስንልም የላይኛው ማስተንፈሻ ተከፍቶ፣ የታችኛው ማፍሰሻ ተከፍቶ ነው።

ቫልቭ ዘግታችሁ ካፈሰሳችሁት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማችኋል። አሮጌ ቫልቭ ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም። ጭላንጭል ያሾልካል፣ ከታች በኩል እንደ ክር የቀጠነች ውሃ ትመጣለች። ያቺ ክር ብየዳውን ታበላሻለች፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሞላዋል። ዳቦ ጠቅጥቀው የሚያግዱ ባለሙያዎች አሉ፣ ለቀጭን የመዳብ ቧንቧ ሲሠራ አይቻለሁ፣ ለባለ 4 ኢንች ግን የማይታሰብ ነው። ይልቅ ከብየዳው ቦታ ቀድሞ ያለውን የታችኛውን ማፍሰሻ ክፍት አድርጉና ክሯ እዚያ ትውጣ፣ ወይም ቧንቧው ውስጥ የሚነፋ የጎማ መሰኪያ ተጠቀሙ። የዘጋችሁትን ቫልቭ ደግሞ ቆልፉበት፣ ቁልፉ የሚበይደው ሰው ኪስ ውስጥ ይሁን። የፓምፑንም ማብሪያ እንዲሁ። ሳያውቅ የሚያበራ ሰው ሁልጊዜ አለ።

«ምን ይቃጠላል?» ወዳለው ልመለስ። መልሱ «ይቃጠላል» ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2008 አሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ቶማሃውክ በምትባል ከተማ ባለ የወረቀት ፋብሪካ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ። ብየዳ ይሠሩ የነበሩት አንድ ታንክ ጫፍ ላይ ሆነው ነው። ታንኩ ውስጥ የነበረው ውሃና የወረቀት ጭረት ነው። ማንም አልፈራውም፣ ጋዝም አልተለካም። ውስጡ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ሃይድሮጅን አምርተው ታንኩ አናት ላይ አጠራቅመው ነበር። የአገሪቱ የኬሚካል ደህንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት ይህንን ነው። የኛ መስመርም ዝግ ነው። ብረት፣ በተለይ ዚንክ የተለበጠ ብረትና አሉሚኒየም፣ ውሃ ውስጥ ሲበላሽ ሃይድሮጅን ሊያወጣ ይችላል። ጋዙ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል። አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ እሳት ይይዛል። ስለዚህ ቧንቧውን ባዶ ስታደርጉ፣ ከላይኛው ማስተንፈሻ የሚወጣው አጠገብ ሲጋራም ግራይንደርም አይኑር። ከዚያም ጋዝ መለኪያ አስገብታችሁ ለኩ።

የሚቃጠል ሌላም አለ፤ ያ ጥቁር ስፖንጅ። ፎሙም፣ ላዩ ላይ የሚቀባው ሬንጅ መሰል ነገርም ይቃጠላል። ጭሱ መርዝ ነው። በተለይ ጣሪያ ውስጥ፣ ኮርኒስና ወለል መሐል ያለ መስመር ላይ ፍንጣሪ ስፖንጁ ሥር ገብቶ ሳይነድ ለረጅም ጊዜ ውስጥ ውስጡን ሊጨስ ይችላል። በዙሪያው 11 ሜትር ድረስ ያለ የሚቃጠል ነገር ከቦታው ይነሳል፣ የማይነሳው እሳት በማይበላው ብርድ ልብስ ይሸፈናል። ከብየዳው በኋላ አንድ ሰው ማጥፊያ ይዞ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያል። ሥራው ይህ ብቻ የሆነ ሰው። ስልክ የሚጎረጉር አይደለም።

ቺለሩ አጠገብ ከሆናችሁ ደግሞ ማቀዝቀዣው ጋዝ እያፈሰሰ እንዳልሆነ አረጋግጡ። ያ ጋዝ ቀዝቀዝ እያለ ምንም አይመስልም፣ አርክ ሲነካው ግን ተሰባብሮ ሳንባ የሚበላ አሲድ ይሆናል። ሽታው ጉሮሮ ከቆነጠጠ ጣሉትና ውጡ። ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ከሆነም ልባጡ ከብየዳው ቦታ ተልጦ ይነሳ፣ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት መጠጣት ልማዳችን ነው፣ መልካም፣ ግን ጭሱን አያስቀርም። የሚያስቀረው አየር ማስወጫና ትክክለኛ ማስክ ነው።

ኤሌክትሪኩን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የብየዳ ማሽን አርክ ሳይጭር ባዶውን ሲቆም ከ50 እስከ 80 ቮልት ይይዛል። ደረቅ ሰው ደረቅ ወለል ላይ ብዙም ላይሰማው ይችላል። ከላዩ ላብ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ ጓንቱ ርሶ፣ ቱታው ርሶ የሚበይድ ሰው ግን ሌላ ነው። ኤሌክትሮድ ሲቀይር በእርጥብ ጓንት ነው የሚይዘው። ሊሞት ይችላል። ደረቅ ጓንት በኪስ፣ ከሥር ደረቅ ጣውላ ወይም ጎማ፣ ከተቻለም ዲሲ (ቀጥተኛ ጅረት የሚሰጥ) ማሽን። የመመለሻው ኬብል ደግሞ ብየዳው አጠገብ፣ በጸዳ ብረት ላይ፣ እዚያው ቧንቧ ላይ ይቆንጠጥ። እሩቅ ካሰራችሁት ጅረቱ በፓምፑ ኩሽኔታ፣ በቺለሩ ሴንሰሮች በኩል አቋርጦ ነው የሚመለሰው። በማግስቱ ፓምፑ ለምን እንደጮኸ ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አልፋችሁ፣ ውፍረቱ በቅቶ፣ ላቡ ደርቆ፣ ፈቃዱ ተፈርሞ ብየዳው የግድ ከሆነ፣ ቀዳዳው ላይ በቀጥታ አርክ አትጫሩ። ግፊቱን የሚቀነሰውን ያህል ቀንሱ። አራት ማዕዘን ላሜራ መለጠፍም ተዉት፣ ማዕዘኑ ጭንቀት ይሰበስባል። የሚሠራው ለሁለት የተከፈለ እጅጌ ነው፣ ቧንቧውን ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ጫፎቹ ጤነኛ ብረት ላይ የሚያርፉ። መጀመሪያ የእጅጌው ሁለት ርዝመታዊ ስፌቶች ይበየዳሉ፣ ሥራቸው ቀጭን የብረት ስትሪፕ ተደርጎ፣ ቧንቧውን ራሱን እንዳይነኩት። ከዚያ አንዱ ጫፍ ዙሪያውን ያልቃል። እሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ሌላው ጫፍ። ቀጭን ኤሌክትሮድ፣ ዝቅ ያለ አምፒር፣ አንድ ቦታ ሳይቆሙ። በላዩ የሚደረበው ሁለተኛው የብየዳ ንብርብር የመጀመሪያውን ጥጥርነት ያለዝባል፣ ቀጥቃጩ ቢላውን መልሶ እንደሚያሞቀው። ይህንን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ ውሃ የሚሄድበት ቁራጭ ቧንቧ ላይ ይሞክር፣ ይቆረጥ፣ ይታይ።

የፈቃዱ ወረቀት የቢሮ ነገር የሚመስላችሁ አላችሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደህንነት እንዲጠብቅ፣ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጥ፣ አደጋውን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ወረቀቱ ላይ ውፍረቱ ስንት እንደተለካ፣ ማን ቫልቭ እንደዘጋ፣ ማን እንደሚጠብቅ ተጽፎ ከሆነ፣ «ዝም ብለህ በይደው» የሚል ሰው ራሱ መፈረም ይኖርበታል። ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ሐሳቡን ይለውጣል።

ልጁን ግን መጨረሻ ላይ የጠየቅኩት «ለምን ትበይደዋለህ?» ብዬ ነው። ለጊዜው የሚይዝ፣ ጎማ ያለው፣ በብሎን የሚታሰር ክላምፕ አለ። ቀዳዳውን አፍኖ እስከ ቅዳሜ ያደርሳል። ቅዳሜ ማታ ሕንፃው ባዶ ነው። አፍስሰህ፣ የታመመውን ቆርጠህ አውጥተህ፣ አዲስ ቁራጭ በጎማና በብሎን በሚታሰር ካፕሊንግ (መጋጠሚያ) ታስገባለህ፤ አንድም አርክ አትጭርም። አፍስስ ስል ግን ወደ አዌቱ ወንዝ በሚሄድ ቦይ አይደለም። ኬሚካል ያለበት ውሃ ነው፣ በርሜል ውስጥ ተይዞ መልሶ ይገባል፣ ያኔ አዲስ ኬሚካልም አትገዙም።

እንዳልኩት አደረጉ። ክላምፑን ዕለቱን አሰሩት፣ ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምረው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጨረሱ። ውሃ ሞልተው፣ አየሩን አስተንፍሰው፣ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ጭነው ተመለከቱት። ስፖንጁን ወዲያው እንዳይመልሱ ነገርኳቸው፣ መጋጠሚያው ሁለት ቀን ይታይ ብዬ። ሲመልሱትም ስፌቱ ሁሉ በማጣበቂያ ተዘግቶ ነው፣ አየር በገባበት በኩል እንደገና ያልበዋልና።

እሑድ ጠዋት ቆርጠው ያወጡትን ቁራጭ ፎቶ ላከልኝ። በጠመኔ ካሬ ካሬ አድርጎ፣ እያንዳንዷ ላይ ቁጥር ጽፎባታል። ዳር ላይ 5.9፣ 5.8 ይላል። ልበይድበት ብሎ ያሰባት፣ ከቀዳዳዋ ሁለት ጣት የራቀችው ቦታ ላይ 2.1 ይላል።